የፕሪንሲፔዋ ጉጉት፦ በ15 ካሬ ኪሎ ሜትር ደን ውስጥ ያለ ዝርያ

ፕሪንሲፔ በጊኒ ባሕረ ሰላጤ የምትገኝ፣ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረች፣ ስፋቷ 139 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ደሴት ናት። ከአፍሪካ ዋና ምድር 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ አብራት አንድ አገር ከሆነችው ከሳኦ ቶሜ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ያህል። በዚህች ደሴት ደቡባዊ ክፍል፣ ሰው በማይኖርበት ጥንታዊ ደን ውስጥ፣ በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል የማትገኝ ትንሽ ጉጉት አለች። ተመራማሪዎች መኖሯን ያረጋገጡት በ2016 ነው። ኦቱስ ቢኬጊላ የሚል ሳይንሳዊ ስም ተሰጥቷት እንደ አዲስ ዝርያ የተመዘገበችው ደግሞ በ2022 መገባደጃ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ዜናው በወጣበት ጊዜ ብዙዎች "አዲስ ጉጉት ተገኘች" ብለው ደስ አላቸው፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። የደሴቲቱ ሰዎች በደናቸው ውስጥ እንዲህ ያለ ወፍ እንዳለ መናገራቸው እስከ 1928 ድረስ ወደኋላ የሚቆጠር ምስክርነት አለው። ከ1928 እስከ 2016 ያለው 88 ዓመት ነው። አንድ ዝርያ በነዋሪ አፍ ላይ እያለ ከሳይንስ መዝገብ ለ88 ዓመት የቀረው ለምንድን ነው? በእነዚያ ዓመታትስ ደኑ ምን ሆነ? የዚህች ጉጉት ጉዳይ መጠናት ያለበት ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ተነሥቶ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፕሪንሲፔ ለወፍ አጥኚዎች ያልታወቀች ምድር አልነበረችም። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ዶርን ገና በ1865 ደሴቲቱን ጎብኝቶ ወፎቿን ሰብስቧል፤ እዚያ ብቻ ከሚገኙት ወፎች አንዷ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ከእርሱ በኋላም ሌሎች ሰብሳቢዎችና ተመራማሪዎች ተመላልሰውባታል። ጉጉቷ ስትመዘገብ በፕሪንሲፔ ብቻ የሚገኙት የወፍ ዝርያዎች ቁጥር ስምንት ደረሰ። ለ139 ካሬ ኪሎ ሜትር ይህ እጅግ ብዙ ነው። በአጎራባቿ በሳኦ ቶሜ የራሷ የሆነች ትንሽ ጉጉት መኖሯም ከአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነበር። እንግዲህ "ፕሪንሲፔስ?" የሚለው ጥያቄ ሩቅ አልነበረም።

ያዘገየው አንዱ ነገር መሬቱ ነው። የደሴቲቱ ሰሜን ለጥ ያለ ነው፤ ከተማዋም መንደሮቹም የቀድሞዎቹ የካካዎ እርሻዎችም ያሉት እዚያ ነው። ደቡቡ ግን ገደልና ጫፍ የበዛበት፣ ዝናብ የማያባራበት ነው፤ ከፍተኛው ተራራ ወደ 950 ሜትር ይጠጋል። ወደዚያ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም። ወፍ አጥኚ ደግሞ ልማዱ ማልዶ መነሣት ነው፤ ጎህ ሲቀድ የሚዘምሩትን ይቆጥራል። በዚያ ቁልቁለት ላይ በጨለማ የሚቆም ሰው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጉጉቷ ድምፅ ነው፤ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ እጅግ የሚማርከው ይህ ክፍል ነው። የሐሩር ደን ሌሊት ጸጥ ያለ አይደለም። ፀሐይ እንደጠለቀች ነፍሳቱና እንቁራሪቶቹ ይነሣሉ፤ ጆሮ አንዱን ከሌላው ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል። የፕሪንሲፔዋ ጉጉት የምታሰማው አጭር "ቱ" የምትል ድምፅ ናት፤ እርሷንም በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል ሳታቋርጥ ትደጋግማታለች። ዜማ የለውም፤ መውጣትና መውረድ የለውም። ለሰሚው ይበልጥ የሚመስለው የነፍሳት ድምፅ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው እየተቀባበሉ ይጮኻሉ፤ የሚጀምሩትም ገና ሲመሽ ነው። ጉጉት ሲባል ረጅምና ሆድ የሚያባባ ጩኸት የሚጠብቅ ሰው ከሥሯ ቆሞ ሰምቷት ነፍሳት ናቸው ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በፊት የነበሩ ጎብኚዎችም ሰምተው ያለፏት ይመስለኛል።

የሚገርመው ይህ ድምፅ ከቅርብ ዘመዶቿ ከአንዳቸውም ጋር አለመመሳሰሉ ነው። የሚመሳሰለው በአህጉሩ ማዶ፣ በኬንያ ጠረፍ ባለው በአራቡኮ ሶኮኬ ደን ከምትኖረው ከሶኮኬዋ ትንሽ ጉጉት ድምፅ ጋር ነው፤ ሁለቱ ግን በዝምድና የተራራቁ ናቸው። በጉጉቶች ዘንድ ድምፅ ትልቅ መለያ ነው። እንደ ብዙ ዘማሪ ወፎች ጫጩቷ ከወላጇ ሰምታ የምትማረው አይደለም፤ ስትወለድ ይዛው የምትመጣው ነው። በጨለማ የምትኖር ወፍ አጋሯን የምታውቀውም በዚሁ ነው። ስለዚህ ሁለት ጉጉቶች ላባቸው ቢመሳሰልም ድምፃቸው ከተለያየ፣ የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው ብሎ ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ።

ጥርጣሬው እየጠነከረ የመጣው ከ1998 ጀምሮ ነው። ከዚያ እስከ 2016 ያለውን ፍለጋ በዋናነት የተሸከሙት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። ሴሲሊያኖ ዶ ቦም ጄዙሽ የተባሉ፣ በቅጽል ስማቸው ቢኬጊላ የሚባሉ የደሴቲቱ ተወላጅ አሉ። እኒህ ሰው ቀድሞ በቀቀን አዳኝ ነበሩ፤ በኋላ የፕሪንሲፔ ኦቦ የተፈጥሮ ፓርክ ጠባቂ ሆኑ። ተመራማሪዎቹ ግኝቱ ያለ እርሳቸው እውቀትና ያለ እርሳቸው የማይታክት ጥረት እንደማይሆን በግልጽ መስክረዋል፤ የዝርያውንም ሳይንሳዊ ስም በቅጽል ስማቸው አውጥተዋል።

በቀቀን አዳኝነት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ማሰብ ይጠቅማል። ፕሪንሲፔ በግራጫ በቀቀኖቿ የታወቀች ናት፤ ጫጩቶቹም ለረጅም ጊዜ ለውጭ ገበያ ሲለቀሙ ኖረዋል። በቀቀን የሚፈለፍለው በትልልቅና አሮጌ ዛፎች ግንድ ውስጥ ባለ ቀዳዳ ነው። አዳኙ የትኛው ዛፍ ቀዳዳ እንዳለው፣ የትኛው ቀዳዳ ውስጥ ማን እንደሚኖር ማወቅ አለበት፤ ከዚያ ወጥቶ እጁን ያስገባል። ትንንሾቹ ጉጉቶችም በአብዛኛው የሚኖሩት በእንዲህ ያለው የዛፍ ቀዳዳ ነው። እንግዲህ በመላው ደሴት ላይ የጉጉቷን መኖሪያ በየቀኑ የሚዳስስ ሰው ቢኖር በቀቀን አዳኙ ነበር። ይህንን ሰው "በቀዳዳው ውስጥ ከበቀቀን ሌላ ምን አየህ?" ብሎ የጠየቀ መልስ ያገኛል። በቀቀን እየለቀመ የኖረን ሰው በጥፋተኛነት ብቻ የሚያይ ግን እውቀቱንም አብሮ ይጥለዋል። ለእኔ የዚህ ጉዳይ እምብርት እዚህ ላይ ነው፤ የ88 ዓመቱ መዘግየት የሩቅ ደሴት ችግር ብቻ አይደለም፤ ማን እንደተጠየቀና ማን እንዳልተጠየቀ ጭምር ነው። በአጋጣሚ፣ ጉጉቷ በተረጋገጠችበት በዚያው በ2016 የግራጫ በቀቀን ዓለም አቀፍ ንግድ እንዲታገድ አገሮች በጆሃንስበርግ ስምምነት ላይ ደርሰዋል።

በ2016 ወፏ ከታየች በኋላ እንኳ ስም እስኪወጣላት ስድስት ዓመት ወስዷል። ይህ መንቀራፈፍ አይደለም። በፖርቶ ዩኒቨርሲቲ በሚሠራው በማርቲም ሜሉ የተመራው ቡድን አራት ዓይነት ማስረጃ አሰባስቧል፤ የአካል ልኬት፣ የላባ ቀለምና ንድፍ፣ ድምፅ፣ እና የዘረ መል ምርመራ። አራቱም ወደ አንድ መደምደሚያ አመሩ። የዘረ መሉ ውጤት ደግሞ ያልተጠበቀ ታሪክ ገለጠ። ፕሪንሲፔ ለሳኦ ቶሜ ከማንም ይልቅ ቅርብ ስለሆነች ጉጉቷ የዚያችኛዋ እህት ትሆናለች ተብሎ ቢጠበቅ አያስገርምም ነበር። ምርመራው ግን ሌላ ነው የሚለው። የፕሪንሲፔዋ ጉጉት የባሕረ ሰላጤውን ደሴቶች መጀመሪያ ከሰፈሩት ጉጉቶች የወረደች ናት። የሳኦ ቶሜዋ፣ በታንዛንያ በኩል የምትገኘው የፔምባ ደሴት ጉጉት፣ እንዲሁም በአህጉሩ ተሰራጭታ በእኛም አገር የምትገኘው የአፍሪካ ትንሽ ጉጉት አንድ ላይ ሆነው ሌላ ቅርንጫፍ ይመሠርታሉ፤ የፕሪንሲፔዋ ከእነርሱ ሁሉ ቀድማ የተለየች ናት። በዕድሜ የምትበልጠው ቅርንጫፍ በመጨረሻ ታወቀች ማለት ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ይህ ታሪክ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ ላይ፣ በመንገድ ላይ የተገኘ የአንድ ወፍ ክንፍ ብቻ ነበር። ያ ክንፍ በሌሊት እየበረሩ ነፍሳት ከሚያድኑት፣ በእንግሊዝኛ ናይትጃር ከሚባሉት ወፎች ከታወቀ ከየትኛውም ዝርያ ጋር አልገጠመም፤ በ1995 በዚያ አንድ ክንፍ መሠረት አዲስ ዝርያ ተመዘገበ። ከዚያ ጥናት ጸሐፊዎች የመጀመሪያው ሮጀር ሳፎርድ ነበር። እርሱ ራሱ በ1992 በኮሞሮስ ደሴቶች በአንዷ በአንዡዋን፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሳትታይ የቆየችውን ትንሽ ጉጉት እንደገና ያገኘ ሰው ነው። በሌሊት የሚንቀሳቀሱ ወፎች በአፍሪካም በደሴቶቿም ገና ተፈትሸው አላለቁም። በእኛ አካባቢ ጉጉት በቤት አጠገብ ስትጮኽ እንደ መጥፎ ምልክት ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ ልማድ ሰው ድምፁን እንዲያባርር እንጂ እንዲያዳምጥ እንደማያደርግ አስባለሁ፣ ይህም ያሳዝነኛል።

ወደ ፕሪንሲፔ ልመለስ። ዝርያዋ ከታወቀች በኋላ የመጣው ዋና ጥያቄ ስንት ናቸው የሚለው ነበር። ተመራማሪዎቹ ደቡቡን ብቻ ሳይሆን መላውን ደሴት አሰሱ። የቆጠራው ዘዴ ቀላል ይመስላል፤ በጨለማ በተመረጡ ቦታዎች ላይ ቆሞ ማዳመጥ፣ የተሰማችውን ጉጉት ሁሉ ከስንት ሜትር ርቀት እንደተሰማች መመዝገብ። ርቀት በጨመረ ቁጥር የሚሰሙት ይቀንሳሉ፤ የመቀነሱ መጠን ደግሞ ሳይሰሙ የቀሩትን ለመገመት ያስችላል። በዚህ መንገድ የተገኘው ግምት ከ1,000 እስከ 1,500 ጉጉቶች ነው። የተገኙበት ቦታ ግን በጠቅላላው 15 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር በአምስት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያውም ዝቅ ባለው ክፍል፣ ሰው ባልነካው አሮጌ ደን ውስጥ። ደኑ ወደ ተራራው ሲወጣ እርሷ አትከተለውም። እርሻ የነበረበት በኋላ ራሱን በተካው የሰሜን ጫካም አልተገኘችም።

ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ያጽናናል። በ15 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ ያን ያህል ጉጉት መኖሩ በዚያ ደን ውስጥ ጥሩ ኑሮ እንዳላቸው ያሳያል። አስጊው ነገር ሁሉም አንድ ቦታ ላይ መሆናቸው ነው፤ አንድ እሳት፣ አንድ በሽታ፣ ወይም አንድ የመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነካል። በመርከብ የመጡት አይጦችና በሰው እጅ ወደ ደሴቲቱ የገቡት ሞና ጦጣዎች የወፍ ጎጆ እንደሚዘርፉም ይታወቃል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ዝርያዋን ባስተዋወቁበት ጊዜ በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ "ለመጥፋት በእጅጉ የተቃረበ" በሚለው ከፍተኛው የስጋት ደረጃ እንድትመደብ ሐሳብ አቀረቡ። በአንድ ደሴት ብቻ ያለች ጉጉት ችላ ከተባለች ወዴት እንደምትሄድ የታየበት ምሳሌ ስላለ ይህን ጥንቃቄ ማጋነን ነው የሚል ሰው አይገባኝም።

ምሳሌው ኖርፎክ ነው። ኖርፎክ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በአውስትራሊያ ሥር ያለች 35 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች ደሴት ናት። እዚያም የራሷ የሆነች ትንሽ ጉጉት ነበረች፤ ከኒው ዚላንዷ ጉጉት ጋር አንድ ዝርያ፣ ግን የተለየ ንዑስ ዝርያ። ደኑ ተመነጠረ፤ ቀዳዳ ያላቸው አሮጌ ዛፎች ወደቁ፤ በተረፉት ቀዳዳዎች ላይ ከውጭ የመጡ በቀቀኖች ተሻሟት፤ ድመትና አይጥ ተጨመሩ። በ1986 የቀረችው አንዲት ሴት ጉጉት ብቻ ነበረች። ሚያሚቲ ብለው ሰየሟት። ወንድ አልነበራትም። ባለሙያዎቹ በ1987 ከኒው ዚላንድ ሁለት ወንዶች አመጡላት፤ አንዱ ተጣመራት፤ ከ1989 ጀምሮ ጫጩቶች ፈለፈሉ። ሚያሚቲ በ1996 ከዐይን ተሰወረች። ዛሬ በኖርፎክ ያሉት በአሥሮች የሚቆጠሩ ጉጉቶች ሁሉ የእርሷና የኒው ዚላንዱ ወንድ ዘሮች ናቸው፤ የዘር መቀራረቡ አድክሟቸው ይሁን በሌላ ምክንያት በአንድ ወቅት ለአሥር ዓመት ገደማ አንድም ጫጩት ሳይበር ቆይቶ ነበር። እዚያ የሠሩትን ሰዎች ከልብ አከብራለሁ፤ በእጃቸው የነበረው አንዲት ወፍ ብቻ ነበር። ፕሪንሲፔ ግን ዛሬ ከሺህ በላይ አላት። ይህን የመሰለ ዕድል በእጅ እያለ መጠበቅ፣ ከጠፋ በኋላ ከመልቀም እጅግ ይቀላል፤ በገንዘብም ይረክሳል።

የቀረው ደን እንዴት እንደቀረ ማወቅም ያስፈልጋል። ፖርቹጋሎች ደሴቲቱን ከያዙ ጀምሮ መሬቷ ለእርሻ ተመነጠረ። ካካዎ ከብራዚል የገባው በ1820ዎቹ ነው፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ ከዓለም ቀዳሚ የካካዎ አምራቾች መካከል ነበሩ፤ የጉልበቱም ምንጭ ከአንጎላና ከሌላም አገር በግድ የሚመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ከዚያ የእንቅልፍ በሽታ ገባ። በሽታውን የምታስተላልፈውን የጸጼ ዝንብ ለማጥፋት በ1914 በተጠናቀቀው ዘመቻ ደን ተመነጠረ፣ ረግረግ ደረቀ፣ አሳማና ውሻ ተገደለ። ሠራተኞቹ በጀርባቸው ላይ ሙጫ የተቀባ ጥቁር ጨርቅ እየለበሱ ወደ እርሻው ይወጡ ነበር፤ ዝንቧ ጥቁር ነገር ትወዳለችና ጨርቁ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። ሰው ራሱ ወጥመድ ሆኖ ማለት ነው። ዘመቻው ዝንቧን ከደሴቲቱ አጠፋ፤ ብዙ ሕይወትም አዳነ። በምላሹ ግን ሰሜኑ ያለ ጥንታዊ ደን ቀረ። ደቡቡን ያተረፈው የማንም ጥበቃ አልነበረም፤ ገደሉና ዝናቡ ነው። በ1928 ነዋሪዎች ስለ ጉጉት ሲናገሩ የቀራት ይኸው ጥግ ነበር።

አሁን ጥበቃ አለ። የጉጉቷ መኖሪያ በሙሉ በ2006 በሕግ በተቋቋመው የፕሪንሲፔ ኦቦ የተፈጥሮ ፓርክ ውስጥ ነው፤ ደሴቲቱም በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆናለች። በዚያው ደን ሌላ እጅግ የተመናመነች፣ በፕሪንሲፔ ብቻ የምትገኝ ባለ ቢጫ መንቁር ወፍም አለች፤ ፓርኩ ለሁለቱም መጠለያ ነው። ይሁንና ጉጉቷ ስትመዘገብ በመኖሪያዋ አንድ ክፍል፣ ያውም ብዙ ጉጉት ባለበት፣ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ግድብ የመገንባት ዕቅድ ነበር።

እዚህ ላይ ቀጥተኛ መሆን እፈልጋለሁ። እኛ የግድብን ትርጉም የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ጨለማ ቤት ያለውን ሰው "ወፍ አለና መብራት አይገባህም" ማለት ፍትሕ አይደለም። አገሪቱ አብዛኛውን ኤሌክትሪኳን የምታመነጨው በባሕር በሚመጣ ናፍጣ ነው፤ የራሷን ወንዝ መጠቀም ብትፈልግ መብቷ ነው። ጥያቄው ግድብ ይሠራ ወይስ አይሠራ አይደለም። ግድቡ የት ይቀመጥ፣ መንገዱ በየት ይለፍ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ስንት አሮጌ ዛፍ ይጥላል የሚለው ነው። ደን ውስጥ የሚገባ መንገድ ከግድቡ በላይ ይጎዳል፤ በእርሱ ላይ መጋዝ ይገባል፣ አይጥና ድመት ይገባል፣ እርሻ ይከተላል። ደሴት ትንሽ ስትሆን የአንድ መሐንዲስ የመስመር ምርጫ የአንድን ዝርያ አሥረኛ ክፍል መሬት ሊወስድ ይችላል። ይህ ምርጫ ከመደረጉ በፊት የቆጠራው ካርታ በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ተዘጋጅቷል። ተመራማሪዎቹ በደኑ ውስጥ የሚተከሉ የድምፅ መቅረጫዎችን ሞክረው ውጤታማ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ መቅረጫዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ይቀዳሉ፤ ከቀረጻውም ውስጥ ያችን "ቱ" የምትል ድምፅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለይቶ ያወጣል። ለረጅም ጊዜ ከነፍሳት ድምፅ ጋር ተደባልቃ የቆየችው ድምፅ አሁን ለመቁጠሪያነት እጅግ የተመቸች ሆናለች፤ ሳትለዋወጥ ስለምትደጋገም ማሽን በቀላሉ ያውቃታል። መቅረጫዎቹን ተሸክሞ ወደ ገደሉ የሚወጣው፣ ባትሪ የሚቀይረው፣ የትኛው ሸለቆ በዝናብ ወራት እንደማይደረስበት የሚያውቀው ግን የፓርኩ ጠባቂ ነው። ስለዚህ ለክትትሉ የሚመደበው በጀት ከማሽኑ ዋጋ በፊት የጠባቂዎቹን ቋሚ ደመወዝ ማስላት ይኖርበታል፤ ቆጠራውም ግድቡ በታሰበበት ሸለቆ ግንባታ ከመጀመሩ በፊት መካሄድ አለበት፤ አለበለዚያ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ የሚያነጻጽሩበት ቁጥር አይኖርም።